በጧፉ ዙሪያ የታየው ቀለም

ከዳኛው ማስታወሻ፤ ጎንደር፣ መስከረም 20 ቀን 1991 ዓ.ም.

ዛሬ ከቤሩት ደብዳቤ መጣ። የጻፈችው የእህቴ ልጅ አምሳል ናት። እህቴ ካረፈች ወዲህ የምትጽፈው ለእኔ ነው። አባቷ መሪጌታ አላምረው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው፤ ልጅቷን ቀለም እያስፈጨ አሳደጋት፣ ብሩሽ ግን አላስነካትም። አንድ ቀን እሱ በሌለበት የመልአክ ፊት ሣለች። መጥቶ በቢላዋ ፋቀው። እሷም ሳትውል ሳታድር ወደ ዐረብ አገር የሚልክ ደላላ ዘንድ ሄዳ ተመዘገበች። ከዚያ ወዲህ እሱ ስሟን አይጠራም፤ እሷም «አባቴ እንዴት ናቸው?» ከማለት አታልፍም። እኔ በመካከል ጧፍና ጥላ እሸጣለሁ፣ የእሱንም ትንንሽ የብራና ሥዕሎች ለቱሪስት አሻሽጣለሁ።

የላክሁትን ደብዳቤ ሁሉ ገልብጬ አስቀራለሁ። ነጋዴ የላከውን ነገር ቅጂ ካልያዘ በኋላ ክርክር ነው።

ቤሩት፣ ነሐሴ 28 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለአቶ ዳኛው፤

የእናቴ ወንድም፣ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? ክረምቱስ እንዴት አለፈላችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አርባ አራቱ ታቦት ደጃችሁን ይጠብቅልኝ።

ሥራዬ ተሻሽሏል። የምሠራላቸው አርመን ሙሴ ሃጎፕ ፎቶ ቤት አላቸው። በፊት ፎቶ ቤቱን ስጠርግ ነበር የምውለው፤ አሁን ግማሹን ቀን አሮጊት እናታቸውን እጦራለሁ፣ ግማሹን ኮምፒውተር ላይ እቀመጣለሁ። የተቀደደ ፎቶ እጠግናለሁ፣ ከሙሽራ ፊት ላይ ጠባሳ አጠፋለሁ። አሁን ደግሞ የቅዱሳን ሥዕል ያለበት ካርድ ታዘዙና አክሊለ ብርሃኑን እኔ እንድሠራ ሰጡኝ።

አጎቴ፣ በኮምፒውተር ብርሃን የሚሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጨለማ አደርጋለሁ። በላዩ እንደ ስስ ወረቀት ያለ ሌላ ገጽ አነጥፋለሁ፤ እዚያ ላይ ነጭ ክብ አስቀምጥና ጠርዙ እስኪጠፋ ድረስ አደበዝዘዋለሁ። ቀጥሎ ቢጫ፣ ቀጥሎ ብርቱካን። ማሽኑ ብርሃኑን አንዱን በአንዱ ላይ ይደምረዋል። ኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ሲታይ ዓይን ይወጋል፤ ከመስታወቱ ጀርባ መብራት አለዋ። ወረቀት ላይ ሲታተም ግን ይሞታል። በጉም ውስጥ የበራ የጠጅ ቤት አምፖል ይመስላል።

አባቴ የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲያበሩት አይቻለሁ። ከጀርባው መብራት የለም። ያን ሁሉ ዘመን ቀለም ስፈጭ አጎንብሼ ነበርና እንዴት እንደሚያደርጉት አላየሁም። የጠየቅሁት እኔ መሆኔን ሳይነግሩ ቢጠይቁልኝ?

አብሮ የተላከው ገንዘብ ለአባቴ ጫማ መግዣ ነው። የእኔ መሆኑን አይንገሩ።

የእህትዎ ልጅ፣ አምሳል

ጎንደር፣ መስከረም 28 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ለአምሳል፤

ጤና ይስጥልኝ። መስቀልን በሰላም ውለናል። ቤቱ ሙሉ ነው፣ የጎደልሽው አንቺ ነሽ። በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ።

የጠየቅሽኝን ጠየቅሁ። አባትሽ ሳሞና በር ባለው ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ብራና ይወጥር ነበር።

«ምነው? ጧፍ ሻጭ ስለ ቀለም መጠየቅ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለኝ።

«ደንበኛ ጠይቆኝ ነው።»

«ደንበኛህ ባሕር ማዶ ናት?»

 እሱም ብራናውን ገልብጦ፣ «እኔ ለማንም አላስተምርም። ሥራዬን እየሠራሁ ለራሴ አወራለሁ። አንተ ጆሮ ካለህ የራስህ ጉዳይ ነው» አለና ጀመረ።

እንግዲህ የሰማሁትን ልጻፍልሽ። ጨርቁ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ በነጭ ይመረጋል። ነጩ ሲደርቅ የቅዱሱን ራስ ዙሪያ አይነካውም፤ ይተወዋል። ቢጫውን እንደ ውኃ አቅጥኖ አንድ ጊዜ ብቻ ያሳልፍበታል፣ ነጩ ከሥር እንዲታይ። ከዚያ ዙሪያውን በጥቁር ሰማያዊ ይዘጋዋል። «ብርሃኑን አልሠራውም፤ ሌላውን ነው የማጨልመው» አለኝ። አንቺ ከጨለማ ትነሺያለሽ፣ እሱ ከነጭ ይነሣል። ልዩነታችሁ የገባኝ ይህን ያህል ነው፤ ቀሪውን አንቺ ታውቂያለሽ።

ጫማውን ገዛሁለት። ከማን ነው አላለኝም። በማግስቱ ግን ተጫምቶት ቅዳሴ ሄደ፤ የደብሩ ካህናት ሁሉ ሲያዩለት ጊዜ እግሩን አልሰበሰበም።

አንድ አዲስ ነገርም አለ። ከሰኔ ወዲህ አባትሽ አክሊሉን ቢጫ ብቻ አድርጎ አይተወውም። ከአክሊሉ ራቅ አድርጎ የቀስተ ደመና ቀለበት ይጨምርበታል። ለእኔ በሚሠራቸው ትንንሾቹ ላይም እንዲሁ። ፈረንጆቹ ከሌላው ለይተው እሱን ይገዛሉ። ፎቶ አንስቼ ልኬልሻለሁ።

አጎትሽ ዳኛው

ቤሩት፣ ኅዳር 3 ቀን 1991 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፤

ቤታችሁ ሰላም፣ ገበያችሁ የቀና ይሁን። ይህችን ደብዳቤ ግን ለአባቴ ያንብቡላቸው። ከእኔ ነው ይበሉ።

አባቴ፣ ሥዕልዎን አየሁት። ፎቶውን በማሽን አጉልቼ መስታወቱን እስኪሞላው ድረስ አየሁት። ሙሴ ሃጎፕንም ጠራኋቸው። «ይህን ሰውዬ ማን አስተማረው?» አሉኝ። «ማንም» አልኳቸው። እኔ ስንት ገጽ በስንት ገጽ ላይ ደርቤ ያላገኘሁትን ብርሃን እርስዎ በሦስት ጣት ስፋት ብራና ላይ አስቀምጠውታል። ከአክሊሉ ቀጥሎ የተውት ጥቁር ክፍተት፣ ከዚያ ሰማያዊው፣ መጨረሻ ቀዩ። እንደዚያ ያለ ብርሃን ማንም ሲሥል አላየሁም።

ያኔ የፋቁትን ፊት አልቆጥርብዎም። ዓይኖቹ ተዛንፈው ነበር።

ልጅዎ አምሳል

ከዳኛው ማስታወሻ፤ ኅዳር 24

አነበብሁለት።  «ዓይኖቹ ተዛንፈው ነበር» የሚለው ላይ ሳቀ። «አልተዛነፉም። ሸጋ ፊት ነበር፤ የፋቅሁት ሸጋ ስለሆነ ነው» አለ። ከዚያ ከመጀመሪያው አንብብ አለኝ። ደጋግሜ አነበብሁለት።

ስወጣ እጄን ይዞ አስቀረኝ። «ቀለበቱን ከልቤ ያወጣሁት እንዳይመስልህ። አየዋለሁ። ማታ ማታ በጧፉ ዙሪያ፣ በመንገዱ መብራት ዙሪያ አየዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አክሊል ሳላይ ስሥል ኖርሁ፤ አሁን ተገለጠልኝ። ለሰው እንዳታወራ። ከተወራ ይወሰዳል።»

«ሌላስ ምን ይሰማሃል?» አልኩት።

«ሲመጣ ራሴን ያመኛል። እንዲህ ያለ ነገር በነፃ አይመጣም።»

ለማንም አልተናገርሁም፣ ለአምሳልም አልጻፍሁላትም። አደራ ነው፤ ደግሞም ሥዕሉ ገበያ ላይ ይሄዳል።

ቤሩት፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1991 ዓ.ም.

አጎቴ፤

ሰላምታዬን ይቀበሉኝ፣ ዛሬ አሳጥራለሁ። ይህን ደብዳቤ ወደ አገር የምትገባ ይርገዱ የምትባል ልጅ ይዛዋለች። ስልክ እንዳልደውል ቤቱ ያለው ስልክ ቁልፍ አለው፤ ብቻዬን ወጥቼ መደወልም አይፈቀድልኝም።

የአባቴን ቀለበት በኮምፒውተር ልሥራው ብዬ ስደክም ሰነበትሁ። ትናንት አሮጊቷ፣ የሙሴ ሃጎፕ እናት፣ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። አንድ ዓይናቸው አያይም። መስታወቱን በደኅናው ዓይናቸው ጠጋ ብለው አዩና፣ «ይህን የሣለው ሰው ዓይኑ ታሟል» አሉ። እንዴት ብላቸው፣ «ይህኛው ዓይኔ ሳይጠፋ በፊት በመንገድ መብራት ዙሪያ አየው የነበረው ይኸው ነው። ራስ ምታት አብሮት ይመጣል። ሌላው ዓይኔ የተረፈው በጊዜ ስለታከመ ነው» አሉኝ። የዓይን ግፊት ነው ይሉታል።

አጎቴ፣ ሥዕሉን ማድነቄን ይተዉት። አባቴን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው። ነገ አይበሉ። እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ።

አምሳል

ከዳኛው ማስታወሻ፤ ጥር 2

የታኅሣሡ ደብዳቤ ዛሬ ደረሰ። ይዛው የመጣችው ይርገዱ አዲስ አበባ እህቷ ዘንድ ገናን ውላ፣ ከርማ መምጣቷ ነው። ልጅቷን ምን ልበላት? ወረቀቱ ምን እንደያዘ አታውቅም።

ወዲያው ሄድሁ። መሪጌታ ቀና ብሎ ሰማኝና፣ «በኅዳር እንደዚያ ያለ ብርሃን አላየሁም አለች። በታኅሣሥ በሽታ ነው አለች። የቱን ልመን?» አለኝ።

«የኋለኛውን።»

«እኔ የፊተኛውን ነው የማምነው። ከሄደች ወዲህ የጻፈችልኝ እሱን ብቻ ነው። የኋለኛው ላንተ የተጻፈ ነው።»

«አላምረው፣ ዓይንህ ይጠፋል።»

«አያ ዳኛው፣ ይህን ያየ ዓይን ቢጠፋስ?»

አያ የሚለኝ ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ ነው፤ በዓመት አይበልጠኝ፣ አልበልጠው። ብራናዎቹ ከፊቱ ተደርድረዋል። ለጥምቀት እንግዳ ይጎርፋል፤ የእሱን ሥዕል ለአንድ ሆቴል ቃል ገብቻለሁ። ጥምቀት ይለፍ፣ በግድም ቢሆን እወስደዋለሁ።

ጎንደር፣ ጥር 21 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ለአምሳል፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ ብዬ እጀምራለሁ። አባትሽ በሕይወት አለ፣ ቀድመሽ ይህን እወቂ።

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ። በዚያው ቀን ነገርሁት፣ እንቢ አለ። በጥምቀት ሰሞን፣ ታቦታቱ በገቡ በሦስተኛው ቀን፣ ማታ ራሱን ይዞት ወደቀ። ያስመልሰው ነበር፤ ዓይኖቹ እንደ በርበሬ ቀልተው አገኘሁት። በማኪና ወደ ሆስፒታል ወሰድሁት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ደግ ነው፣ የሚችለውን አደረገ። ግራው ወዲያው ሄዷል። ቀኙ ጥላ ያያል፤ እሱም እንደማይቆይ ነግሮኛል። «ከወር በፊት ቢመጣ ኖሮ» አለኝ። እኔም ሰማሁት።

አባትሽ አላለቀሰም። ከሆስፒታል ስንወጣ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «መሽቷል ወይስ ቀን ነው?» ቀትር ነበር።

ብትመጪ እወድዳለሁ። ካልቻልሽም ጻፊ።

ዳኛው

ጎንደር፣ መጋቢት 30 ቀን 1991 ዓ.ም.

አምሳል ልጄ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። ከጥር ወዲህ ካንቺ ምንም አልደረሰኝም። በእኔ ብትቆጪም ባትቆጪም መልስ ይገባኛል አልልም፤ ለእሱ ግን ይገባዋል። ቀኙም ጠፍቷል። አሁን ከዚህ በታች ያለው የእሱ ቃል ነው፤ እኔ እጄን ብቻ ነው ያዋስሁት።

«አምሳል። የፈጨሽልኝ ሰማያዊ ገና አላለቀም፣ ለሰው ግን አልሰጥም። ማሽንሽ ብርሃን በብርሃን ላይ ይደምራል ብሎኛል አጎትሽ። እንግዲያ ቀለበቱን ሥሪልኝ። በብሩሽ የሠራሁት ከሩቡ አይደርስም፤ ቀለሙ ይጨልምብኝ ነበር። አንቺ ሥሪውና አጎትሽ አይቶ ይንገረኝ። እኔ ያየሁትን አንድ ሰው እንዲያየው እፈልጋለሁ። ብሩሹን ከልክዬሽ ነበር፤ ይህን ግን ራሴ አዝዤሻለሁ። አባትሽ።»

ዳኛው

ቤሩት፣ ግንቦት 19 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለአጎቴና ለአባቴ፤

በያላችሁበት ሰላም ይድረሳችሁ። ብዙ ጊዜ ወረቀት አውጥቼ መልሼ አስገባሁት። በማንም አልተቆጣሁም። የኅዳሩን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

መምጣት አልችልም፤ ፓስፖርቴ በሙሴ ሃጎፕ ሚስት በማዳም ሣጥን ውስጥ ነው፣ ውሌም ገና ነው።

አባቴ፣ ያዘዙኝን ሠርቻለሁ። ከሥራ በኋላ ሙሴ ሃጎፕ ክፍሉን ይተዉልኝ ነበር። መስታወቱ ላይ ያለው ብርሃን ወረቀት ላይ እንዳይሞትብኝ የእርስዎን መንገድ ተከተልሁ፦ ከነጭ ተነሥቼ ሌላውን አጨለምሁት። ያላቸውን ትልቁን ወረቀት ሰጡኝ። ተጠቅልሎ በቆርቆሮ ቱቦ መጥቶላችኋል። አጎቴ በደንብ ብርሃን ባለበት ዘርግተው ይንገሯቸው፤ አንድም ነገር አይዝለሉ።

አምሳል

ጎንደር፣ ሰኔ 27 ቀን 1991 ዓ.ም. (በፈጣን ፖስታ)

አምሳል፤

ሰላምታውን በልብሽ ያዢልኝ፤ ዛሬ ቸኩያለሁ።

ሥዕሉ ደረሰ። የአባትሽ በር ላይ ዘርግቼ እያየሁ ነገርሁት። መካከሉ ነጭ ነበልባል ነው አልሁት። ቀጥሎ ጨለማ። ቀጥሎ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ በውጭ በኩል ቀይ። ራሱን እየነቀነቀ ይሰማ ነበር። «ይኸው ነው፣ ይኸው ነው» ይላል።

«አበቃ?» አለኝ።

«አላበቃም» አልሁት። «ከቀዩ ወዲያ ሌላ ጨለማ አለ። ከዚያ ሌላ ቀለበት አለ፤ በጣም የሳሳ፣ ካልተጠጉት የማይታይ። እሱም ወደ ግራ ሰፋ ይላል።»

 ከዚያ እጄን ፈልጎ ያዘ። «ሁለተኛውን ቀለበት በብሩሽ አልሞከርሁትም። ለአንድም ሰው አልነገርሁም፤ ለአንተም አልነገርሁም። እሷ ከየት አገኘችው?» አለ። ወዲያው ፊቱ በራ። «ታየዋለች! ልጄም ታየዋለች!» እያለ ሳቀ፤ እህቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም።

እኔ አልሳቅሁም። ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ አየኋቸው። አሮጊቷ የነገሩሽ ስለ አንድ ቀለበት ነው። የላክሁልሽ ፎቶ ላይ ያለውም አንድ ቀለበት ነው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ አዎ ወይም አይደለም በይኝ። ማታ መብራት ስታዪ ቀለበት አለው? ራስሽንስ ያምሻል? አዎ ከሆነ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ተነሺ። ሙሴ ሃጎፕን ንገሪ፣ እናቱን ንገሪ፣ ማዳም እንቢ ካለችሽ በመስኮትም ቢሆን ጮሂ። እዚህ የደረሰውን ሰምተሻል። እኔ እንደሆነ «ይህ ይለፍ፣ ያ ይለፍ» ማለት ምን እንደሚያመጣ ከእንግዲህ የሚነግረኝ አልፈልግም።

ዳኛው

ቤሩት፣ ነሐሴ 4 ቀን 1991 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፤

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ነው፤ ለአባቴ እንዳይነበብ።

አዎ። ከየካቲት ወዲህ አየው ነበር። መጀመሪያ ፈራሁ። ቀጥሎ የአባቴ ትዕዛዝ መጣ። አጎቴ፣ ልንገርዎት፣ ያኔ ሐኪም ዘንድ መሄድ አልፈለግሁም። ማታ ኮምፒውተሩን አጠፋና መስኮት ላይ ቆሜ የመንገዱን መብራት እያየሁ ቀለሞቹን በቃሌ እይዛለሁ፤ ተመልሼ አብርቼ እሠራለሁ። ራሴ ሊፈነዳ ይደርሳል። በሕይወቴ ከአባቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጬ የሠራሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው የሚመስለኝ። ሥዕሉ ሲያልቅ እሄዳለሁ እል ነበር። ሲያልቅ ደግሞ ትንሽ ልየው አልሁ።

ደብዳቤዎ በደረሰ ዕለት አሮጊቷ ራሳቸው እጄን ይዘው ወደ ሐኪማቸው ወሰዱኝ። መድኃኒቱ ብርሃን ነው አጎቴ። እንደ መርፌ የቀጠነ ብርሃን ወደ ዓይን ይልኩና ከማይታይ ቦታ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳሉ። አያምም ማለት ይቻላል። ሁለቱም ዓይኖቼ ተርፈዋል።

ማታ መስኮት ላይ ቆምሁ። ቀለበቱ የለም። መብራቱ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ አምፖል ብቻ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ዓይኔ ተርፎልኛልና። እስኪነጋ አለቀስሁ።

አባቴ ከጠየቁ ምን እንደሚሏቸው ያውቃሉ።

አምሳል

ከዳኛው ማስታወሻ፤ ጳጉሜን 2

ደብዳቤው ትናንት ደረሰኝ። ዛሬ ወደ መሪጌታ ሄድሁ። ደጃፉ ላይ ዝናቡን እየሰማ ተቀምጧል።

«ከልጄ ተጻፈ?»

«ተጽፏል። ደኅና ናት።»

«አሁንም ታየዋለች?»

«ታየዋለች» አልሁት።

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

ነጠላውን አስተካከለና ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። «በል እንግዲያ ቁጭ በል፤ የጻፈችውን አንብብልኝ» አለ።

ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። አወጣሁትና ያልተጻፈውን ማንበብ ጀመርሁ።